ክቡር ደራሲ አላየሁ ገልጬ

ጋሼ የመጡት ደብዳቤውን ላሚኔት ለማስደረግ ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ውሎዬ የሰው ጽሑፍ መተየብ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ለፍርድ ቤት የሚገባ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ። አልፎ አልፎ ደግሞ መጽሐፍ። የጋሼን መጽሐፍ የተየብኩትም እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን በሰማያዊ ቢክ ጽፈው፣ ሰባት ባለ 50 ሉክ ደብተር በፌስታል አንጠልጥለው አመጡልኝ። ተይቤ ለመጨረስ ሁለት ወር ከምናምን ፈጀብኝ። 184 ገጽ ወጣው።

ደብዳቤው አዲስ አበባ ካለ አንድ አሳታሚ የመጣ ነው። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። "ድርሰትዎ በአንባቢ ኮሚቴያችን በጥልቀት ተገምግሞ ከበርካታ ሥራዎች መካከል ተመርጧል" ይላል። እኔ ሳነብ ጋሼ ፊቴን እያዩ ቆመዋል። ደስ አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ማሽኑን ሰካሁ። ላሚኔት ማሽን እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ደብዳቤውን ሁለተኛ ያነበብኩት በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

"ልብ ወለድዎ" ይላል። ሦስት ቦታ።

የጋሼ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። ሽፋኑ ላይ ሳይቀር "ግለ ታሪክ" ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው ቃል "የተወለድኩት" ነው። አንድ ገጽ ያነበበ ሰው ይህን ሊስት አይችልም።

ምንም አላልኩም። ላሚኔት አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ሒሳብም አልተቀበልኩም። ሊወጡ ሲሉ ግን "መቼ ነበር የላኩላቸው ጋሼ?" አልኳቸው። "ልጄ ሐሙስ ማታ በኢሜይል ላከችልኝ። ቅዳሜ መለሱ። ቀልጣፋ ሰዎች ናቸው" አሉኝ። ሁለተኛውን ገጽ ያሳዩኝ ያኔ ነው። "የወጪ መጋራት" ይላል። ድርጅቱ ግማሹን ይሸፍናል። የደራሲው ድርሻ 118,000 ብር። ግማሹ በ10 ቀን ውስጥ በቅድሚያ ገቢ ይደረጋል። ጋሼ ብሩ ስለሌላቸው ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሊበደሩ አስበዋል። ዋስ እየፈለጉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ደራሲ ከኪሱ ከፍሎ ማሳተሙ ነውር አይደለም። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያሳትመው። ማተሚያ ቤት ትሄዳለህ፣ ትከፍላለህ፣ ያትሙልሃል፣ መጽሐፍህን ተሸክመህ ለአከፋፋይና ለአዟሪ ትሰጣለህ። ማተሚያ ቤቱ "ጎበዝ ደራሲ ነህ" አይልህም። ወረቀቱ ስንት ግራም ነው፣ ጥረዛው በስፌት ነው በሙጫ፣ ስንት ቅጂ፣ ያ ብቻ ነው ጭውውታችሁ። ንጹሕ ንግድ ነው። እኔን ያሳሰበኝ መክፈሉ አልነበረም። ያላነበቡትን አንብበናል ብለው ሽማግሌውን ማሞካሸታቸው ነው። ጋሼ ሊበደሩ የተነሱት ለወረቀትና ለቀለም አይደለም፤ ለዚያች "ተመርጧል" ለምትል ቃል ነው።

ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ጸሐፊዋ ተሳስታ ይሆናል። ምናልባት ደብዳቤው ላይ ብቻ ነው ስህተቱ። የሰው ስም ላጠፋ አልፈልግም። ይህን ሳወጣና ሳወርድ አንድ ደንበኛዬ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፣ ወረቀት ሊያሳትሙ መጡ። ነገሩን አጫወትኳቸው። ሳቁ። "እኛ ዘንድም ይኸው ነው" አሉኝና በፈረንጆቹ 2013 ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ያወጣውን ነገሩኝ። ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ተብሎ የተበላሸ የውሸት ጥናት አዘጋጅቶ ለ304 የጥናት መጽሔቶች ልኮ ኖሯል። 157ቱ ተቀበሉት። ከዚያ ደግሞ "ለመጽሐፍም ተደርጓል፣ ፈልጊው" ብለውኝ ሄዱ።

ፈለግሁት። በ1997 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 2004 ሊያልቅ ሲል። ፐብሊሽ አሜሪካ የሚባል አሳታሚ ነበር። መርጠን ነው የምናሳትመው ይላል። ጄምስ ማክዶናልድ የሚባል ደራሲ ጓደኞቹን አሰባሰበና አንድ ምዕራፍ አንድ ምዕራፍ ተከፋፍለው የቻሉትን ያህል መጥፎ ልብ ወለድ ጻፉ። ስሙ አትላንታ ናይትስ ነው። 4ኛውና 17ኛው ምዕራፍ ቃል በቃል አንድ ናቸው። 21ኛው ምዕራፍ የለም። 12ኛ የሚባል ምዕራፍ ሁለት ነው። 34ኛውን የጻፈው ኮምፒውተር ነው፤ የሌሎቹን ምዕራፎች ቃላት አደባልቆ ዝም ብሎ ያወጣው። አሳታሚው ተቀበለው። በጥር ደራሲዎቹ ጉዱን ይፋ ሲያደርጉ "እንደገና ስናየው" ብሎ ሰረዘው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ድርጅት ከደራሲ ቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። እንዲያውም 1 ዶላር ለደራሲው ይከፍላል። ተቺዎቹ እንደሚሉት ትርፉ መጽሐፉን መልሶ ለደራሲውና ለዘመድ አዝማዱ ከመሸጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔም አደረግኩት። ብቻዬን አይደለም። ማታ ማታ ቤቴ ደጃፍ ተራ የሚጠብቅ አንድ ባለ ባጃጅ ጓደኛ አለኝ። ሦስተኛ ዓመት የሚማር አንድ ልጅም ከሰዓት ይረዳኛል። ሦስት ሆነን በስድስት ምሽት 46 ገጽ ጻፍን። ርዕሱ "የተሰበረ ልብ ስብርባሪ" ነው። የደራሲው ስም አላየሁ ገልጬ። አላየሁ የታወቀ የሰው ስም ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ገልብጦ ላነበበው ግን "ገልጬ አላየሁ" ነው። ያነበበ ካለ ይሳቅ ብለን።

መጥፎ መጻፍ ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። ባለ ባጃጁ የመጀመሪያ ምዕራፉን ሲያመጣ ጥሩ ሆኖ ተገኘ! ሌሊት ከአሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ የምትሳፈር ሴት ነበረች። ዓሣው እንዳይቀዘቅዝ ጉያዋ ውስጥ ትይዘዋለች፣ እሱ ደግሞ ጉድጓዱን እየሸሸ ቀስ ብሎ ይነዳል። ተማሪው አንብቦ ዝም አለ። "ይሄማ መጽሐፍ ነው፣ አበላሸው" አልነው። እያዘነ አበላሸው። ሴትዮዋን በመሃል ወንድ አደረጋት፣ ዓሣውን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ነባሪ ለወጠው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን አላስነካም አለ። ተውንለት።

ሆን ብለን የከተትናቸውን ጥፋቶች ልንገራችሁ፤ የምትሞክሩት ከሆነ ይረዳችኋል። ጥፋቱ የሆሄ መሆን የለበትም። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ቢቀያየር ደህና አንባቢም ሊያልፈው ይችላል፣ በአርትኦት ይስተካከላል ይላል። ጥፋቱ ያነበበ ሰው ሊያልፈው የማይችለው መሆን አለበት። ምዕራፍ 1 ላይ ዋናው ሰው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር ቆሞ ፀሐይ ከሐይቁ ውስጥ ስትወጣ ያያል። ሐዋሳ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ፀሐይ የምትገባበት እንጂ የምትወጣበት አይደለም። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን "ጳጉሜን 14" አልነው፣ ሰዓቱን "ከሌሊቱ 15 ሰዓት"። ይህንንስ? ምዕራፍ 2 ላይ ሰውዬው ሐይቅ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ሠልስቱ ይወጣል። ምዕራፍ 4 ላይ ባጃጅ ውስጥ ሒሳብ ይከራከራል። ምዕራፍ 3 እና ምዕራፍ 5 አንድ ናቸው፣ ኮፒ ፔስት። ምዕራፍ 6 የለም። ምዕራፍ 8 ላይ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶብስ በሻሸመኔ ፈንታ በዲላ በኩል ያልፋል፤ ወደ ሞያሌ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው።

ምዕራፍ 7 የስልኬ ነው። "ያኔ" ብዬ ጻፍኩና ከዚያ በኋላ ስልኬ ከላይ ከሚጠቁመኝ ሦስት ቃላት መሃለኛውን ብቻ እየነካሁ አራት ገጽ ሞላሁ። "ያኔ ነው እንዴ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን ነገ ጠዋት ላይ ብር ላክልኝ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን ነገ ጠዋት" እያለ ይቀጥላል። የእኔን ሕይወትም በደንብ አሳየኝ ለነገሩ።

መጨረሻው፣ ምዕራፍ 10፣ በፍቅር ደብዳቤ ይጀምርና በመሃል የሽሮ አሠራር ይሆናል። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ በርበሬው ይቁላላል። ከዚያ የቤቴን የዋጋ ዝርዝር ለጠፍንበት። የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር "ጥረዛ በስፓይራል 60 ብር፣ ላሚኔት እንደ መጠኑ" ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተማሪው ጨመረ። አሜሪካኖቹ የገጸ ባሕርያቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲያገጣጥሟቸው ስለ አሳታሚው የሚናገር ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ አድርገው ነበር። እኛ የምዕራፎቹን የመጀመሪያ ፊደል ተጠቀምን። ዘጠኙን ምዕራፍ በተርታ ብታዩ ይ፣ ህ፣ ን፣ ማ፣ ን፣ ያ፣ ነ፣ ባ፣ ል ይላል። "ይህን ማን ያነባል"። ሁለት "ን" ስላለው የተደገመው ምዕራፍ ራሱ ልክ ገባ። ሰም የሌለው ወርቅ አልነው፣ በራሳችን ቀልድ ግማሽ ሰዓት ሳቅን።

ዓርብ ማታ በአዲስ ኢሜይል ላክነው። እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ እናንተ እንዳትሳሳቱ። ፋይሉን ከቤቴ ኮምፒውተር ስለላክኩት፣ የፋይሉ መረጃ ውስጥ የጻፈው ሰው ተብሎ የጽሕፈት ቤቴ ስም ተመዝግቧል። ያውም የዋጋ ዝርዝሬ ውስጡ ነው ያለው። ደግነቱ ማንም አልከፈተውም።

እውነቴን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ጨንቆኝ ነበር። "ይህን ቆሻሻ እንዴት ትልኩልናላችሁ" ብለው ቢመልሱልኝ ጋሼን "እንኳን ደስ አለዎት" ብዬ ዋስ ላፈላልግላቸው ወስኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መልሱ መጣ። "ክቡር ደራሲ አላየሁ ገልጬ፣ ድርሰትዎ በአንባቢ ኮሚቴያችን በጥልቀት ተገምግሞ ከበርካታ ሥራዎች መካከል ተመርጧል።" የጋሼን ደብዳቤ ቅጂ አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ቃል በቃል አንድ ናቸው። "የገጸ ባሕርያት አሳሳልዎ ጥልቀት" ይላል ሁለቱም። "ገጸ ባሕርያት" ላይ አንዲት ነጥብ በስህተት ገብታለች፣ በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ። የተለወጠው ስም፣ ርዕስና ቀን ብቻ ነው። የብሩ መጠን እንኳ አልተለወጠም። የእኛ 46 ገጽ ነው፣ የጋሼ 184። ሁለታችንም 118,000።

ስልክ እንደውል አለ ባለ ባጃጁ። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ደራሲው እሱ ሆነ። ላውድ አድርገን ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ አጎነበስን። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልዩ ነው።

"ክቡር ደራሲ፣ እንኳን ደስ አለዎት!"

"እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምልሽ፣ ኮሚቴው የትኛውን ገጸ ባሕሪ ነው የወደደው?"

"ዋናውን ነዋ!"

"እሱ እኮ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሞቷል።"

ትንሽ ዝም አለች። "አዎ... አሟሟቱ በጣም ነው የነካን።"

"መጨረሻውስ እንዴት ነው?"

"መጨረሻውማ እንባ ያስለቅሳል። ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው አንብበው ሲጨርሱ ዝም ብለው ነው የቀሩት።"

ተማሪው አፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ባለ ባጃጁ ግን አልሳቀም። "ባለ ባጃጁ ያለበትን ምዕራፍስ አያችሁት?" አላት። "እሱንም በጣም ወደድነው" አለች። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ልክ አልነበረም። "አላነበበችውም" አለ። ያቺን ያላስነካትን ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው አይቶለት እንደሆነ ፈልጎ ነው። የውሸት መጽሐፍ ልኮ እንኳ ሰው ምስጋና ይፈልጋል። ጋሼማ የሕይወት ዘመናቸውን ነው የላኩት።

ልጅቷን አልቀየምኳትም። ተቀጥራ ነው። የተሰጣትን ነው የምታነበው።

ከባዱ ለጋሼ መንገሩ ነበር። ሁለት ቀን ሸሸሁት። ደብዳቤውን ለእድርተኛው አሳይተዋል፣ ገብርኤል ደጀ ሰላም ላይ አሳይተዋል፣ ሳሎናቸው ቡፌ ላይ አቁመውታል። እንዴት ብዬ? መጨረሻ ላይ የአላየሁ ገልጬን ደብዳቤም ላሚኔት አደረግኩትና ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ደብዳቤውን የእሳቸው አጠገብ አቆምኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን አነበቡ፣ ሌላውን አነበቡ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ጣታቸው ያቺ ነጥብ ላይ ቆመ። አስተማሪ ናቸው፤ ከእኔ ቀድመው ነው ያገኟት።

"አላየሁ ማነው?" አሉ።

ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፣ ስለ መጽሐፉ ጥሩነት መለፍለፍ ጀመርኩ። "ተይው ልጄ፣ አንቺም ኮሚቴ እንዳትሆኚብኝ" አሉኝ። እዚያው ደብዳቤውን ከቡፌው አነሱት። የእኔን ግን ተቀብለው አስቀሩት። ድርሰቱንም አምጪልኝ አሉ።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ፣ ብዙ ሰው እየመጣ ስለሚጠይቀኝ።

ይህን ፈተና ለሁሉም አሳታሚ አትላኩ። በእውነት የሚያነብ አርታኢ አለ፤ ጊዜው አይባክን። የሚገባው "መርጠናል፣ ገምግመናል" እያለ በዚያው ትንፋሽ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለሚልክ ነው። 46 ገጽም አያስፈልግም፤ እኛ ስለጣፈጠን ነው። የራሳችሁን እውነተኛ ረቂቅ ላኩና በመሃል አንድ ምዕራፍ ደግማችሁ አስገቡበት። ያነበበ ሰው "ምዕራፍ 7 ተደግሟል፣ ትክክለኛውን ላኩልን" ይላል። ካላለ ደውላችሁ ስለ መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ከተቻለ የሌለ ነገር ጠይቁ። "የአክስቴን ጉዳይ አንብባችሁታል?" በሉ፣ አክስት ሳይኖር። ፈተናው የሚሠራው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። መጥፎውን ከተቀበሉ አላነበቡም ማለት ነው፣ አለቀ። ከመለሱት ግን ጥሩ አሳታሚ ናቸው ማለት አይደለም። አንብቦ የሚያታልልም አለ።

አንዳንድ ሰው "እናንተም ዋሽታችኋል" ብሎኛል። አዎ፣ ስሙ ውሸት ነው። ግን ከእነሱ የጠየቅነው አድርገናል ያሉትን እንዲያደርጉ ብቻ ነው። ብር አልወሰድንም፣ ውልም አልፈረምንም። በውሸት ስም ውል መፈረም ሌላ ጣጣ ነው፣ እዚያ ድረስ እንዳትሄዱ። የድርጅቱን ስምም የትም አልጻፍኩም። ለጠየቀኝ ሰው ሁለቱን ደብዳቤ አሳያለሁ፣ በቃ።

ውሉን ግን አስልኬ አነበብኩት። እዚህ ላይ ነው አሜሪካኖቹ ትዝ ያሉኝ። ስንት ቅጂ እንደሚታተም ቁጥር የለም፤ "እንደ ገበያው ሁኔታ" ይላል። ደራሲው 200 ቅጂ በ20 በመቶ ቅናሽ ለመግዛት ይገደዳል። ማለትም ለኅትመቱ ከፍለህ፣ የታተመውንም ትገዛለህ። አርትኦት "በደራሲው ኃላፊነት" ነው። ከሁሉ የከፋው ግን መብቱ "በማንኛውም ቋንቋና መልክ ለዘለቄታው" ለድርጅቱ ይተላለፋል የሚለው ነው። የጋሼን ሕይወት ማለት ነው እንግዲህ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ድርሰት የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ይህ ለልጆች የሚቀር ንብረት ነው። በአንድ መስመር አትስጡት። መብቱ የሚገኘውም ሥራው ተፈጥሮ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው፣ ድርጅት ሲያስመዘግብልህ አይደለም።

"አይ.ኤስ.ቢ.ኤን እናወጣልዎታለን" የሚልም አለበት፣ ለብቻው 7,000 ብር። ጋሼ ይህ ቁጥር የጥራት ማረጋገጫ ይመስላቸው ነበር። አይደለም። መለያ ቁጥር ነው፣ እንደ ታርጋ። ታርጋ ያለው መኪና ሁሉ ፍሬን ይይዛል ማለት አይደለም። በእኛ አገር የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው፣ ሰው በድሮ ስሙ ወመዘክር የሚለው፣ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ደራሲ ራሱ መጠየቅ ይችላል።

የጠቀመን ሌላው ነገር ፕሮፎርማ ነው። የጋሼን መጽሐፍ መጠን፣ 70 ግራም ወረቀት፣ ባለ ቀለም ሽፋን፣ 500 ቅጂ ብዬ ከሦስት ማተሚያ ቤት ዋጋ ሰበሰብኩ። ውሉ የቅጂ ቁጥር ባይኖረውም ልጅቷ በስልክ ያለችን 500 ነበር። መካከለኛ ዋጋ ያቀረበው ማተሚያ ቤት ለሙሉ ሥራው 107,000 ብር ጠየቀ። አሳታሚው "ግማሹን እኛ እንሸፍናለን" ብሎ የጠየቀው ግማሽ ከሙሉው በ11,000 ብር ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ሦስት ስልክ ብቻ በቂ ነበር። ያን ሁሉ ሽሮ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር እኮ።

ጋሼ ብድሩን ተዉት። አሁን 150 ቅጂ ብቻ ሊያሳትሙ ነው፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለዘመድ። ከዚያ በፊት ግን የሚያርምላቸው ሰው ፈልገን፣ አንድ የአማርኛ አስተማሪ ገንዘብ ተቀብሎ 184ቱንም ገጽ በእርሳስ ሞልቶ መለሰው። ጋሼ ተቆጡ፣ ሁለት ቀን አኮረፉ፣ ከዚያ አብዛኛውን ተቀበሉት።

ባለፈው ሳምንት የአላየሁ ገልጬን ድርሰት መለሱልኝ። ቀይ በቀይ ሆኗል። "ጳጉሜን 14" ተከቦ "ስንት ዓመት አስተማርኩ!" ተብሎ ተጽፎበታል። ምዕራፍ 7 ዳር ላይ "ብሩ ተላከልሽ ወይ?" ይላል። የባለ ባጃጁ ምዕራፍ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጥፋት መሃል፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቀጭን ተሠምሮባታል፤ ከጎኗ "ይህችን ማን ጻፋት? ይቀጥል" ይላል። ገጹን ቀድጄ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ባጃጁ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ሰክቶታል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የዘጠኙን ምዕራፍ ፊደላት በተርታ አውጥተው ጽፈዋቸዋል። "ይህን ማን ያነባል"። ከሥሩ በዚያ በሚያምር የጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሑፋቸው "እኔ" ብለዋል። ከዚያ 2/10። ከዚያ "ሽሮው ላይ ጨው ረስተሻል።"